የአባቴ መዳፍ እና ጋቢ የለበሰው ሞተር

አስቀድሜ ልናዘዝ። እኔ አርፎ መቀመጥ የሚባል ነገር አልተሰጠኝም። ይህችን እስክጽፍ እንኳ ሦስት ጊዜ ተነስቼ ማሽኑን አይቼ ተመልሻለሁ። እናቴ «አንቺ ልጅ፣ ወንበሩ ላይ እሾህ አለ እንዴ?» ትለኛለች። ስለዚህ አወራሬ ቢጣደፍባችሁ ታገሱኝ። የምነግራችሁ አባቴን ላጣቸው ስለነበረበት አንድ ቅዳሜ ነው። ቀኑን ሙሉ የተጨነቅኩት ግን ለአንድ ሞተር ነበር።

ምሕረት እባላለሁ። ሐዋሳ ውስጥ በአንድ ልብስ ስፌት ፋብሪካ የማሽን ጥገና ሠራተኛ ነበርኩ፤ ሠራተኛ ሲቀነስ እኔም አብሬ ተቀነስኩ። ቤት መዋል ደግሞ ለእኔ ዓይነቷ ሰው ቅጣት ነው። ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ እማዬ «ባክሽ አንድ ነገር ሥሪ፤ አዞርሽኝ» ብላ ለመነችኝ። ሠራሁ። ከመርካቶ ባስመጣኋቸው ያገለገሉ ሞተሮች፣ በብየዳ ብረትና ከኢንተርኔት በለቃቀምኩት ትምህርት፣ ኮምፒውተር እያዘዘው እንጨት የሚቀርጽ ማሽን፣ ሲኤንሲ የሚሉትን፣ በአባቴ አናጢ ቤት ውስጥ ገጣጠምኩ። ስምንት ወር ፈጀብኝ።

ማሽኑን የሚያንቀሳቅሱት ሰርቮ ሞተሮች ናቸው። ሰርቮ ማለት «የታዘዝኩበት ቦታ ደርሻለሁ? አልደረስኩም?» እያለ በየቅጽበቱ ራሱን የሚጠይቅ ሞተር ነው። ቆሞም አያርፍም። ቅንብሩ ትንሽ ከተዛባ ባለበት ይንቀጠቀጣል፤ እያንጎራጎረ ይግላል። በተለይ ከማሽኑ ጫፍ ላይ ተተክሎ መቅረጫውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚጎትተው ሞተር እንደዚያ ነበር። አባዬ «ይሄስ ያንቺው ወንድም ነው» ይሉኝ ነበር።

አባዬን የሐዋሳ ፒያሳ ነጋዴ ሁሉ ጋሽ ማቴዎስ ብሎ ያውቃቸዋል። የብዙው ሱቅ መደርደሪያ የእሳቸው እጅ ሥራ ነው። አርባ ዓመት እንጨት ሠርተዋል፤ ከሜትር በቀር ግን መለኪያ ሲይዙ አላየሁም። መለኪያቸው መዳፋቸው ነበር። እንጨቱ ደርቋል ወይስ አልደረቀም? በመዳፍ። ኮላው ይዟል? በመዳፍ። የመላጊያው ሞተር ግሏል? በመዳፍ። እኛ ልጆች ሆነን «አሞኛል» ብለን ከአልጋ ስንቀር ያ ሻካራ እጅ ግንባራችን ላይ ያርፋል። ለአፍታ ዝም ይላሉ። ከዚያ ፍርዱ ይመጣል፤ «ትኩሳት የለሽም። ተነሺ፣ ትምህርት ቤት።» አንድ ቀን ተሳስተው አያውቁም። ወባ የያዘኝ ጊዜ ደግሞ እጃቸውን እንዳሳረፉ አንስተው ተሸክመውኝ ነው የሮጡት። በእኛ ቤት አባዬ እጃቸውን ካሳረፉበት በኋላ ክርክር የለም።

በዚያው ሰሞን አባዬ አንድ አዲስ አመል አምጥተው ነበር፤ ነጠላ ጫማ መጣል። ከቤት በሁለት ወጥተው በአንድ ይመለሳሉ። «አባዬ፣ ሌላኛውስ?» ስንላቸው ወደ እግራቸው ያዩና እንደ እኛው ይደነቃሉ። እኛ ደግሞ ሆዳችንን ይዘን እንስቃለን። እማዬ «ሽምግልና በእግር በኩል ገባ» አለች። ውኃም በጆግ ይጠጡ ጀምረው ነበር፤ እሱን በሐዋሳ ሙቀት አመካኘነው። በመጨረሻ ብልጧ እኔ ባለ ክር ጫማ ገዛሁላቸው። «ይሄ እንኳ ከእግርዎ አይወልቅም» አልኩ። ይህን ጫማ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

እንዲህ ሆነን ሳለ ያ ሥራ መጣ። የቤተ ክርስቲያናችን አዲስ አዳራሽ እሑድ ሊመረቅ ነው፤ ሰባኪው የሚቆምበትን ፑልፒት አባዬ እንዲሠሩ ተጠየቁ። አባዬ ለዚህ የሚሆን እንጨት ነበራቸው። አንድ ወጥ የዋንዛ ሳንቃ፣ እኔ ሳልወለድ ከግንዱ የተሰነጠቀ፣ ማንም እንዳይነካው ጣሪያ ሥር ያጋደሙት። አወረዱት፤ አቧራውን በእጃቸው ጠረጉለት። ከዚያ ያልጠበቅኩትን ተናገሩ።

«የፊቱን የሐረግ ጌጥ ያንቺ ማሽን ይቅረጸው።»

«እርስዎ በመሮ ቢሠሩት አይሻልም?»

«እጄ ትንሽ ደንዝዞብኛል። እርጅና ነው። አንቺ ቅረጪው፤ እኔ አጠገብሽ እሆናለሁ።»

እጄ ደንዝዞብኛል አሉኝ። በገዛ ጆሮዬ ሰማሁ፤ ሰምቼም አለፍኩት። ያን ሳንቃ ለእኔ ማሽን መስጠታቸው እንዴት እንዳስደሰተኝ አትጠይቁኝ፤ ሌላው ወሬ ሁሉ አልገባኝም።

የዋንዛ ብናኝ ረቂቅ ነው፤ የማይገባበት የለም። አባዬ ለሞተሩ አዘኑለት። «ራቁቱን አቧራ ላይ አትተዪው፤ ይልበስ» አሉ። የእኛን ሰው ታውቁት የለ? ቴሌቪዥን ያለብሳል፣ ፍሪጅ ያለብሳል፣ የሶፋ ክንድ ያለብሳል፤ ውድ ዕቃውን ራቁቱን አይተውም። እማዬ ከአሮጌ ጋቢ ቆርጣ፣ ከታች ላስቲክ ከትታ፣ ጠርዙ ላይ ጥለት ቀጥላ ለሞተሩ ልብስ ሰፋችለት። አማረበት! ፎቶ አንስቼ ለጓደኞቼ ላክሁ።

እኔ እኮ የማሽን ባለሙያ ነኝ። ሞተር ሙቀቱን የሚያስወጣው በቆዳው እንደሆነ አውቃለሁ። የውጪ አካሉ ስልሳ ዲግሪ ሲደርስ ጤነኛ እጅ ከጥቂት ሰከንድ በላይ እንደማይችለው አውቃለሁ። ሰማንያን ሲያልፍ ማቆም እንዳለብኝ፣ ያለዚያ ጀርባው ላይ ያለችው ቦታ ጠቋሚ ዕቃ ተሳስታ መቅረጫው መስመሩን ስቶ ሳንቃውን ሊያርሰው እንደሚችል በራሴ ደብተር ጽፌዋለሁ። ታዲያ ጋቢውን አባዬ ያዘዙት፣ እማዬ የሰፋችው ሆኖ፣ እኔ ምን ብዬ ላውልቀው? እንዳለ ተውኩት።

ዓርብ ከሰዓት መቅረጽ ጀመርን። ሁለት ሰዓት ያህል እንደሠራ የሞተሩ መቆጣጠሪያ ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ብልጭ አለና ማሽኑ ቆመ። መሳቢያ ውስጥ በኮሮና ጊዜ የገዛነው፣ ግንባር ላይ እየተደገነ ትኩሳት የሚለካው ዕቃ ነበር። እሱን አውጥቼ፣ የጋቢውን ጠርዝ ገልጬ ሞተሩ ላይ ደገንኩት። ጮኸ እንጂ ቁጥር አልሰጠኝም፤ ከሰው ትኩሳት በላይ ማንበብ አይችልም።

አባዬ ሳቁብኝ። «እሱ እኮ ለሰው ነው። ዞር በይ እስቲ።» መዳፋቸውን ከጋቢው ሥር አስገብተው ሞተሩ ላይ አሳረፉ። «ለብ ያለ ነው። ቀጥዪ።»

ቀጠልኩ። እስኪመሽ ሁለቴ ደጋግሞ ቆመ፤ ሁለቴም እጃቸውን አሳረፉ፤ ሁለቴም «ለብ ያለ ነው» አሉ። እኔም ጥፋቱን ከሞተሩ አንስቼ መቆጣጠሪያው ላይ ጣልኩት። ቶሎ ቶሎ እንዳይቆም ብዬ የጥንቃቄ ወሰኑን ከፍ አደረግኩት። ይህን አባዬ አላዘዙኝም፤ ማንም አላዘዘኝም። የራሴ ችኮላ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት አባዬ እንደ ልማዳቸው በእግራቸው ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ወርደው የዓሣ ሾርባቸውን ጠጥተው ተመለሱ። ግራ እግራቸውን ሳብ ሲያደርጉ አየሁ።

«ምነው አባዬ?»

«ጫማው ነው፤ ገና አልለመደኝም» አሉና ሽርጣቸውን አሰሩ። እኔም ማሽኑን አስነሳሁ። የቀረን የሐረጉ የታችኛው ግማሽ ነበር።

ሦስት ሰዓት ሳይሞላ የጣሪያው ቆርቆሮ ከሙቀቱ የተነሳ መንጣጣት ጀመረ። መቀመጥ አልቻልኩም። ሄጄ ገመዱን አያለሁ፤ ተመልሼ ስክሪኑን አያለሁ፤ ወጥቼ ሰማዩን አያለሁ። መብራት እንዳይሄድ እጸልያለሁ፤ ወዲያው ደግሞ ምነው በሄደና ሞተሩ ባረፈ እላለሁ። አባዬ «ምህሬ፣ በጌታ፣ ቁጭ በይ፤ አንቺን ሳይ እኔ ደከመኝ» አሉኝ። ቁጭ አልኩ። ተነሳሁ።

አምስት ሰዓት ላይ ወንድም ዳዊት መጣ። የምረቃው ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው፤ ትሑት፣ ላብ የማይለቀው ሰው። እጆቹን አጣጥፎ በሩ ሥር ቆመ።

«እኅት ምሕረት፣ መኪናው ሰባት ሰዓት ላይ ይመጣል። ይደርስልናል?»

«ይደርሳል» አሉ አባዬ እኔን ቀድመው።

ወዲያው አንድ ሽታ መጣ። የዋንዛ አይደለም፤ የተቃጠለ ቀለም የመሰለ ነገር ነው።

«አባዬ፣ ይሸታል።»

«እንጨቱ ነው።»

«እንጨቱ አይደለም! የሞተር ሽታ አላውቅም እንዴ?»

«አንቺ ልጅ ረጋ በይ፤ ሰው ፊት ነን» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ሰው ፊት ነን ሲሉኝ ደሜ ፈላ። ጋቢውን ላስቲኩን ይዤ መንጭቄ አወለቅሁትና በሁለት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞተሩን በራሴ እጅ ነካሁት። ነካሁት ልበል እንጂ እጄ ከእኔ በፊት ነው የተመለሰው። ጮህኩ። ጣቶቼን አፌ ውስጥ ከተትኩ።

«አባዬ! ይሄ ነው ለብ ያለው? ጠበሰኝ እኮ!»

አባዬ ወደ ወንድም ዳዊት እያዩ ፈገግ አሉ። «የዘንድሮ ልጅ እጅ፤ ከኮምፒውተር ሌላ ምን ያውቃል?» አሉና መዳፋቸውን እንዳለ ሞተሩ ላይ ዘረጉት።

መልሰው እስኪያነሱት ጠበቅኩ። አላነሱም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ማሽኑ መቅረጹን ቀጥሏል። አባዬም ለወንድም ዳዊት ወሬ ጀመሩ፤ «ይህን ሳንቃ እኮ ያገኘሁት፣ አንድ ትልቅ ዋንዛ በንፋስ ወድቆ...» አምስት። ስድስት። ድምፃቸው አልተለወጠም፤ ቅንድባቸው አልተነቃነቀም። የእኔ ጣቶች አፌ ውስጥ ሆነው ይነዝሩኛል። ሁለታችንም የነካነው አንድ ብረት ነው። ስምንት። ዘጠኝ።

ያን ጊዜ ነው ክው ያልኩት። ነጠላ ጫማው። «እጄ ደንዝዞብኛል።» ውኃው። ሳብ የሚያደርጉት እግር። ሁሉም ተያይዞ መጣብኝ። ሞተሩን ረሳሁት።

«አባዬ፣ እጅዎን ያንሱ!»

«ምን ሆንሽ አንቺ?»

«ያንሱት አልኩ!» ክንዳቸውን ይዤ ጎተትኩና መዳፋቸውን ገለበጥኩት። ነጭ ሆኗል። ጠርዙ ላይ ቆዳው ውኃ መቋጠር ጀምሯል። አባዬ የገዛ እጃቸውን እንደ ባዕድ ዕቃ አዩት፤ በነጠላ ጫማው እንደሚደነቁት ተደነቁ። ወንድም ዳዊት «ኢየሱስ!» አለ።

ማሽኑ አሁንም እየቀረጸ ነው። ስክሪኑን አየሁ፤ ሃያ ደቂቃ ይቀረዋል።

አባዬ እጃቸውን ሽርጣቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት። «ሃያ ደቂቃ ምን አላት? ይጨርስና እንታከማለን። በቃ፣ ሥራሽን ሥሪ።»

ለሁለት ቀን «ቀጥዪ» ሲሉኝ ቀጥያለሁ። በሕይወቴ ሙሉ ቀጥያለሁ። ቀዩን የአደጋ ጊዜ ማቆሚያ መታሁት። ማሽኑ ጸጥ አለ። መቅረጫው አንድ ቅጠል ግማሹ ላይ ተሰክቶ ቀረ። ለሁለት ቀን ያላረፈው የዚያ ሞተር ማንጎራጎር ሲቋረጥ የቆርቆሮው መንጣጣት እንደገና ተሰማ።

«ምን አደረግሽ?» አሉ አባዬ። እንደዚያ ተቆጥተው አላውቅም።

«ሐኪም ቤት እንሄዳለን።»

«ለዚህች? ቅባት አምጪልኝ!»

«አባዬ፣ መቃጠሉ አይደለም! አልተሰማዎትም እኮ! እጅዎ ሲጠበስ አልተሰማዎትም!» አለቀስኩ። የተቆጡትን ቁጣ እንባዬ አበረደው መሰለኝ፤ ቀድመውኝ ወጡ።

ወንድም ዳዊት ባጃጅ አስቆመልን። መንገዱን ሁሉ «ቶሎ በልልኝ» እያልኩ ሾፌሩን አሰቃየሁት፤ «እኅቴ፣ ልብረር?» አለኝ። አባዬ በጨርቅ የተጠቀለለ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ውጪ ውጪውን ያያሉ። አንድ ጊዜ ብቻ ተናገሩ። «ያ ሳንቃ ተበላሸ?»

«አልተበላሸም።»

«እሺ።»

የተቀበለችን ነርስ አጭር፣ ፈጣን ሴት ናት። መዳፋቸውን ስታጸዳ ቀና አለች። «አባቴ፣ አያምዎትም?»

«ምንም።»

እጇ ቆመ። እሳቸውን ትታ እኔን አየችኝ። ከሌላኛው እጃቸው ጣት ደም ወሰደች፤ መለኪያው የሰጣትን ቁጥር አይታ አላመነችውም መሰለኝ ሌላ ጣት ወጋች።

«ስኳር እንዳለብዎት ያውቃሉ?»

«እኔ? ሻይ እንኳ በአንድ ማንኪያ ነው የምጠጣው!»

«እሺ አባቴ። አሁን ጫማዎን እናውልቅ።»

«የተቃጠለው እኮ እጄ ነው ልጄ።»

«አውቃለሁ። ግን ስኳር ከእጅ በፊት እግርን ነው የሚያደነዝዘው። እስቲ ልየው።»

ጎንበስ ብዬ ያን የገዛሁትን ክር ፈታሁ። የቀኙ ደህና ነው። የግራው እንቢ አለ፤ ካልሲው ከጫማው፣ ጫማው ከእግራቸው ጋር የተያያዘ ይመስላል። ነርሷ እጄን ያዘችና ጫማውን ከነእግራቸው ቀስ አድርጋ ቀና አደረገችው። ከሶሉ ሥር የሚስማር ራስ ይታያል። የእኛው አናጢ ቤት ሚስማር ነው። ጫማውን በስቶ፣ ካልሲውን በስቶ፣ ከትንሿ ጣታቸው ሥር ገብቷል። ዙሪያው ጠቁሯል። ሽታው እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ።

«ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች ነርሷ።

«ምኑ?» አሉ አባዬ።

ይህችን «ምኑ?» ዕድሜ ልኬን አልረሳትም። ያን ጠዋት አሞራ ገደል ድረስ በሚስማር ላይ ሄደው፣ ሾርባ ጠጥተው፣ በሚስማር ላይ ተመልሰዋል። በአንዱ እንዳይመለሱ ብዬ በክር ያሰርኩባቸው ጫማ ቁስሉን ከዓይናችን ሸሽጎታል። እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ፤ እኔ አርፌ የማላውቀው ሰው መነሳት አቃተኝ።

ሐኪሙ በኋላ ኮሪደር ላይ ወስዶ ነገረኝ። ጥቂት ቀን ብንዘገይ ኖሮ ቁስሉ ወደ ላይ ወጥቶ ወይ እግሩን ወይ እሳቸውን እናጣ ነበር። የግራ እግራቸው ሁለት ጣቶች ተቆረጡ። እግራቸው ተረፈ። አባዬም ተረፉ።

ፑልፒቱ እሑድ በሰዓቱ ቆመ፤ ወንድም ዳዊት ሳንቃውን ከማሽኑ አስወርዶ፣ ከፑልፒቱ ጋር አስገጥሞ እንዳለ አስጭኖት ነበር፤ ግማሹ ሐረግ፣ ግማሹ ባዶ እንጨት። አባዬ ድነው ቤተ ክርስቲያን በሄድን ጊዜ ምርኩዛቸውን ይዘው ፊቱ ቆሙ። መቅረጫው የቆመበትን ቅጠል ጎንበስ ብለው አዩት።

«ሞተሩን አስተካክዬዋለሁ፤ ከፈለጉ አውርደን እንጨርሰው» አልኩ።

«ተዪው» አሉ። «እዚህ ጋ ባታቆሚው እኔ እዚህ አልቆምም ነበር።»

አሁን ሞተሩ ቆዳው ላይ ሙቀት ጠቋሚ ተለጥፎበታል፤ ሰባ ሲደርስ ይጮኻል፣ ሰማንያ ሲደርስ ማንንም ሳይጠይቅ ይቆማል። አጠገቡ ትንሽ ቬንትሌተር አለች። ቅንብሩንም ቁጭ ብዬ፣ አዎ ቁጭ ብዬ፣ ስላስተካከልኩት ሲቆም ዝም ይላል። ጋቢውን የእማዬ ፔርሙዝ ለብሶታል፤ እዚያ ሙቀት መያዙ ይፈለጋል። አባዬን ደግሞ ማታ ማታ ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ የስልኬን መብራት አብርቼ፣ የእግራቸውን ሥር አያለሁ። «እንደ ማሽን ትፈትሺኛለሽ» እያሉ ይነጫነጫሉ። እግራቸውን ግን ራሳቸው ናቸው የሚዘረጉልኝ።

እኔ አባቴን ማክበር እጃቸውን አለመጠራጠር ይመስለኝ ነበር። እናንተም ቤት አንድ የማይጠየቅ እጅ፣ ወይ ዓይን፣ ወይ ጆሮ ይኖራል። አባታችሁ ነጠላ ጫማ መጣል ከጀመሩ እባካችሁ እንደ እኛ አትሳቁ። ጎንበስ ብላችሁ እግራቸውን እዩ። ቢቆጡም እዩ።

ባለፈው ወር እኔ ታመምኩ። ብርድ ብርድ እያለኝ ተጠቅልዬ ተኝቼ ሳለ የምርኩዛቸውን ድምፅ ሰማሁ። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡና ጠባሳ ያለበትን መዳፋቸውን ግንባሬ ላይ አሳረፉ። እንደ ልጅነቴ ዓይኔን ጨፍኜ ፍርዱን ጠበቅኩ። ቆየ። በጣም ቆየ።

«ምህሬ» አሉ በመጨረሻ፤ «አላውቅም።»

ይህን ቃል ከአባዬ አፍ ሰምቼ አላውቅም ነበር። በሌላኛው እጃቸው ከኮታቸው ኪስ ያችን የኮሮና ጊዜ መለኪያ አወጡ፤ ደገኑብኝ፤ ዓይናቸውን አጥብበው ቁጥሩን አነበቡ።

«ሠላሳ ዘጠኝ። ተነሺ፣ ሐኪም ቤት።»

ግንባሬ ላይ ያለውን እጃቸውን ግን አላነሱትም።